አባሪ ሦስት

አዲሱን ፋየርዎል በግራ ክንዷ ደግፋ፣ በቀኝ እጇ መፍቻ፣ በጥርሶቿ መካከል ደግሞ አንድ ብሎን ይዛ ሳለ የሰርቨር ክፍሉ በር ተከፈተ። ዞር ሳትል አወቀችው። ከመግባቱ በፊት ሁለት ጊዜ ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ ድሮም እንደዚያው ነበር።

«እንዴት ነው፣ ሥራው ተጀመረ?» አለ። ከዚያ ፊቷን በጎን አየው። «አንቺ ነሽ እንዴ?»

ብሎኑ አፏ ውስጥ ስለነበር አልመለሰችለትም። ቀስ ብላ አወጣችው፣ ቀዳዳው ላይ ገጠመችው፣ እስኪጠብቅ ድረስ አዞረችው። ዕቃው መደርደሪያው ላይ ራሱን ችሎ ሲቀመጥ ነው እጇን ሱሪዋ ላይ ጠርጋ ወደ እሱ የዞረችው።

«ጤና ይስጥልኝ። ከድርጅታችን በተላከው ደብዳቤ ላይ ስሜ ነበረ። አላነበቡትም መሰለኝ።»

ከመምጣቷ ይልቅ ያስደነገጠው «አንቱ» መባሉ ነው። የእህቷ ባል ነው፤ ስምንት ዓመት ሙሉ «ጋሽዬ» ስትለው ኖራለች። ትምህርቷን እንደጨረሰች ወደዚህ የሕክምና ምርመራ ማዕከል ያስገባት እሱ ነበር፤ የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት «ከባድ ቸልተኝነት» የሚል ደብዳቤ አስይዞ ያስወጣትም እሱው ነው። ያን ሰሞን ከውጭ ሰብረው የገቡ ሰዎች የአራት ሺህ ታካሚዎችን ውጤት ወስደው ኢንተርኔት ላይ በትነውት ነበር። አንድ ሰው ከውጭ የሚመጣውን የሚያግደውን ፋየርዎል ከፍቶ ትቶታል ተባለ። ጣት ወደ እሷ ተቀሰረ፤ ጣቱም የእሱ ነበር። የመግቢያ ኮዷ በዚያው ሰዓት ስለተዘጋ ማን እንደከፈተው ለማየት ዕድል አላገኘችም። ለአስተዳደሩ «የፋየርዎሉ መዝገብ ተሰርዟል፤ የሚታይ ነገር የለም» ብሎ የነገረው እሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ዓመት ተኩል ያህል የሚቀጥራት አጣች። የሄደችበት ሁሉ «እንደውልልሻለን» ይላታል፤ የሚደውለው ግን ወደ ማዕከሉ ነው። አሁን የምትሠራው አምስት ሰው ባለበት ትንሽ ቢሮ ውስጥ ነው። ባለፈው ሳምንት አለቃቸው «ለምርመራ ማዕከሉ ሥራ ማን ይሂድ?» ሲል፣ ቃሉን ሳይጨርስ እጇን አውጥታ ነበር። ለምን እንደቸኮለች የጠየቃት የለም። ብትጠየቅ አትዋሽም ነበር፤ ቀኑን ስትጠብቅ ነው የኖረችው።

«ትንሿ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ቤተሰቡ የሚጠራት እንደዚያ ነው። «ሌላ ሰው ቢልኩ ይሻል ነበር። ለአንቺም ጥሩ አይደለም።»

«ለእኔ ምንም አይደለም። ኔትወርኩ ከስድስት እስከ አሥር ሰዓት እንዲቋረጥ ተፈቅዷል። የአሮጌውን ፋየርዎል የይለፍ ቃል ይስጡኝ።»

«እኔ ራሴ ላስገባልሽ?»

«ውሉ ላይ ለባለሙያው ይሰጣል ነው የሚለው።»

ከኪሱ እስክሪብቶ አውጥቶ በቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፈላት። ወረቀቱን ከእጁ ስትቀበል ዋና ሥራ አስኪያጇ ገቡ። መነጽራቸውን አናታቸው ላይ የሰቀሉ፣ ሲራመዱም ሲናገሩም የሚፈጥኑ ሴት ናቸው። ወደ ማዕከሉ ከመጡ ገና ዓመታቸው ስለሆነ በመልክ አያውቋትም።

«አንቺ ነሽ የምትሠሪልን? ሰኞ ተቆጣጣሪዎች ይመጣሉ። ይህን ዲኤምዜድ የምትሉትን ነገር መጠየቃቸው አይቀርም። እስቲ በሚገባኝ ቋንቋ አስረጂኝ።»

ወደ መደርደሪያው ጠቆመች። «ታካሚዎች ውጤታቸውን በስልካቸው የሚያዩበት ሰርቨር ይኸ ነው። ከውጭ ማንም መጥቶ ያንኳኳል። እስካሁን ያለው ግን ከታካሚዎቹ ዋና መዝገብ ጋር አንድ ቤት ውስጥ ነው። በሩን ያለፈ እንግዳ መኝታ ቤት ድረስ ይዘልቃል ማለት ነው። ዛሬ ለብቻው የሆነ እንግዳ መቀበያ እሠራለታለሁ። የመጣ ሁሉ እዚያ ይስተናገዳል፤ ከዚያ ወደ ውስጥ የሚያስገባ በር አይኖርም። መዝገቡ ውጤቱን አውጥቶ ይሰጣል እንጂ ሰርቨሩ ገብቶ አይወስድም።»

«ይኼ እኮ ያን ያህል የሚከብድ ነገር አይደለም። እስካሁን ለምን አልተደረገም?» ብለው ሥራ አስኪያጇ ወደ ኃላፊው ዞሩ።

እሷም ዞረች። ከአራት ዓመት በፊት ይህንኑ ሥራ በሦስት ገጽ ጽፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለት ነበር። «ይደርሳል፣ አትቸኩይ» ብሎ መሳቢያ ውስጥ ከተተው።

ኃላፊው ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ «የቀድሞዋ ባለሙያ ቸልተኛ ነበረች» አለ። «ደጋግሜ ነግሬያት ነበር።»

«አዎ፣ የዚያችን ልጅ ፋይል አንብቤዋለሁ» አሉ ሥራ አስኪያጇ። «ስንቱን ሰው አስለቀሰች።»

ጎንበስ ብላ ከካርቶኑ ውስጥ ቢጫውን ገመድ አወጣች። ያቺ ልጅ እኔ ነኝ ብላ እዚያው ልትናገር ትችል ነበር። ግን የያዘችው ማስረጃ የለም። ባዶ እጇን ሆና የጮኸችበትን ጊዜ ደግሞ አልረሳችውም፤ ያኔ የሰማት አልነበረም።

«ሰነዱን ከነአባሪዎቹ ዛሬውኑ አስረክብዎታለሁ» አለች።

ልክ በስድስት ሰዓት ኔትወርኩን አቋረጠች። ቅዳሜ በመሆኑ የመጨረሻዎቹ ታካሚዎች ወጥተው ሕንፃው ጸጥ ብሏል። አዲሱ ፋየርዎል ላይ ሦስት ገመድ ሰካች፤ ሰማያዊው ወደ ውጭ፣ አረንጓዴው ወደ ውስጥ፣ ቢጫው ወደ አዲሱ ክፍል። የውጤት ሰርቨሩን ከነበረበት ነቅላ ከቢጫው ጋር አገናኘችው፤ አዲስ አድራሻም ሰጠችው። ከዚያ ሕጎቹን አንድ በአንድ ጻፈች። ከውጭ ለሚመጣ አንድ መግቢያ ብቻ፤ ከእንግዳ መቀበያው ወደ ውስጥ ደግሞ ሁሉም ዝግ። እጇ አልተሳሳተም። አራት ዓመት በሐሳቧ ስትሠራው የኖረችው ሥራ ነው።

ገመዶቹ መስመር መያዛቸውን ለማየት፣ ለሙከራ ያህል ከዲኤምዜድ ወደ ውስጥ ሁሉን የሚያሳልፍ አንድ ሕግ ጨመረች። ብዙ ባለሙያ የሚያደርገው ነው፤ ለአምስት ደቂቃ ይከፍታል፣ ያያል፣ ይሰርዛል። አየች። ሁሉም ሠርቷል። ጠቋሚውን «ሰርዝ» የሚለው ላይ ካደረገች በኋላ እጇን ሰበሰበች።

ብትተወውስ? «የመጠባበቂያ ቅጂ» የሚል ስም ብትሰጠው ኃላፊው ቀኑን ሙሉ ቢያፈጥበት አይገባውም። ፈርሞ ይረከበዋል። ሰኞ ተቆጣጣሪዎቹ ካላገኙት፣ አንድ ቀን ከውጭ ያሉት ያገኙታል። በእሷም ላይ ሊመጣ ይችላል፤ ይምጣ። የቸልተኛነቱን ስም አስቀድማ ተሸክማዋለች፤ የቀረው ድርጊቱ ብቻ ነበር።

ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተደገፈች። ሐሳቡ ደስ አላት፤ ለረጅም ጊዜ እንዲህ ደስ ያላት ነገር አልነበረም። ከዚያ ሳትጠራት አንዲት ሴት ትዝ አለቻት። ውጤቶቹ በተበተኑ በማግስቱ የመጣች፣ ቡናማ ካፖርት የለበሰች ሴት ናት። የማዕከሉ እንግዳ መቀበያ ላይ አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። «የኔን ማን ማን አየው?» ብላ ብቻ ጠየቀች፤ ዝርዝር የሚሰጧት መስሏት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ከሥራዋ መባረሯን ሰሙ።

ሕጉን ሰረዘችው። እንደገና ሞከረች፤ ከሰርቨሩ ወደ መዝገቡ የሚያልፍ ነገር የለም። ኃላፊውን የምታገኘው በሌላ መንገድ መሆን አለበት። የዚያችን ሴት ዓይነቶች ረግጣ አትሄድበትም።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ የቀራት ሰነዱ ነበር። አባሪ አንድ የአዲሱ አሠራር ሥዕል ነው። አባሪ ሁለት የሕጎቹ ዝርዝር ነው። አባሪ ሦስት የሚነሣው አሮጌ ዕቃ የነበረበት ሁኔታ፣ ከነለውጥ ታሪኩ። ይህን የጨመረችው እሷ አይደለችም፤ ድርጅታቸው በየትም ቦታ የሚያደርገው ነው። አሮጌውን ከኮምፒውተሯ ጋር አገናኝታ በቁራጭ ወረቀቱ ላይ ባለው ቃል ገባች።

የዕለት መዝገቡ እውነትም ባዶ ነበር። ኃላፊው የሚያውቀው ይህንን ገጽ ብቻ ነው። አንድ ሰው ለውጥ ባደረገ ቁጥር ዕቃው ቅጂውን ከአድራጊው ስም ጋር ሌላ ቦታ እንደሚያኖር አያውቅም። ድሮም ማንበብ አይወድም፤ የሚያነቡለት ሰዎች ነበሩት። ከእነሱ አንዷ እሷ ነበረች።

ወደ ኋላ ቆጥራ ፋየርዎሉ የተከፈተበትን ሐሙስ አገኘችው። በዕለቱ ሥራ ላይ አልነበረችም፤ እናቷን ዓይኗን ልታሳክማት ሐኪም ቤት ወስዳት ነበር። «ከውጭ ሆና ነው የከፈተችው» ተብሎ ነበር የተጻፈባት። ስክሪኑ የሚለው ሌላ ነው። ከረፋዱ አራት ሰዓት ከሃያ። የኃላፊው መለያ ስም። የኃላፊው የቢሮ ኮምፒውተር። ከውጭ ወደ ውስጥ ሁሉም ክፍት። ማስታወሻ መጻፊያው ላይ ደግሞ «ለሶፍትዌር ሰዎቹ፣ ለጊዜው» ብሎ አስፍሯል።

ይህን ያየች ቀን የምታለቅስ ይመስላት ነበር። ይልቁንም ራባት። ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመሰችም። ቦርሳዋ ውስጥ የነበረውን ዳቦ አውጥታ እየገመጠች፣ ሁለቱን ገጽ ደግማ ደጋግማ አነበበቻቸው።

እናቷ ያረፈችው አምና ነው። «እኔ አልከፈትኩም፣ እማዬ» ስትላት «ሆን ብለሽ እንደማታደርጊው አውቃለሁ፣ ልጄ» ነበር መልሷ። «ግን እሱስ ለምን ይዋሻል? የልጆች አባት ነው።» ታላቅ እህቷም አጠገባቸው ተቀምጣ «አታካብዱት፣ ሰው ይሳሳታል» ትል ነበር። እናቷ አምናት ሳይሆን ይቅር ብላት ነው የሞተችው።

ዳቦውን ጨርሳ «አትም» የሚለውን ተጫነች። ማተሚያው የሚገኘው ከኃላፊው ቢሮ በር አጠገብ ነው። ይህን አልረሳችም።

አምስት ደቂቃ አልሞላም፤ መጣ። በዚህ ጊዜ ጉሮሮውን አልጠረገም። ሁለቱን ገጾች እንደያዘ በሩን ከኋላው ዘጋ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«አባሪ ሦስት።»

«ትንሿ፣ ስሚኝ። የሶፍትዌር ሰዎቹ ለአንድ ሰዓት ብቻ ክፈትልን አሉኝ። ከፈትኩ፤ ረሳሁት። ሰው አይረሳም?»

«ይረሳል። ከዚያ በኋላ ያደረጉት ግን መርሳት አይደለም።»

ካርቶኑ ላይ ተቀመጠ። ካርቶኑ ባዶ ስለነበር ከሥሩ ተጨፈለቀ፤ ተነሥቶ ቆመ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሁለቱም ይስቁ ነበር።

«ይኼ ወረቀት ሥራ አስኪያጇ ጋ ከደረሰ አበቃልኝ። መባረር ብቻ አይደለም፤ ፍርድ ቤትም ያቆሙኛል። የሚፈርሰው የእህትሽ ቤት ነው። ልጆቹን አታስቢም? ትልቋን በእጅሽ እየመራሽ መራመድ ያስተማርሻት አንቺ ነሽ።»

ይህ ነካት። እንዲነካትም ነው የተናገረው። «ከእኔ ምን ይፈልጋሉ?» አለችው።

«አሮጌውን ዕቃ ባዶ አድርጊው። እዚህ ላይ ‹ዕቃው አርጅቶ ሊነበብ አልቻለም› ብለሽ ጻፊ። አንድ መስመር ናት። ከዚያ የፈለግሽውን ጠይቂኝ። እዚሁ በቋሚነት ላስቀጥርሽ እችላለሁ።»

«እዚህ እኮ ነበርኩ።»

ግንባሩን በመዳፉ ጠረገ። «እሺ፣ ምን ላድርግልሽ?»

ሁለት ዓመት ሙሉ አልጋዋ ላይ እየተገላበጠች ያዘጋጀችው መልስ ነበር። «ለእታለም ይደውሉና ይንገሯት። አሁን፣ እኔ እየሰማሁ፣ በራስዎ አፍ። ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።»

እንደሚለምናት፣ እግሯ ላይ እንደሚወድቅ ነበር የጠበቀችው። እሱ ግን ወዲያው ስልኩን አወጣ። ቅለቱ ገረማት፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን አልገባትም። ደውሎ፣ ለሁለቱም እንዲሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«ወዬ፣ ምሳህን በላህ?» አለች እህቷ። ከኋላዋ የቧንቧ ውሃ ይወርዳል።

«ከትንሿ ጋር ነኝ። ማዕከሉ መጥታለች። ያን ጊዜ ፋየርዎሉን የከፈትኩት እኔ ነኝ። እሷ አይደለችም።»

ቧንቧው ተዘጋ። «ምን ሆነሃል? ይኼን ለምን አሁን በስልክ ትነግረኛለህ?» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ቀንሳ፣ «እየሰማች ነው?»

«እየሰማች ነው።»

ወደ ስልኩ ተጠጋች። እህቷ «ምን?» አላለችም፤ «እውነት ነው?» አላለችም። «እታለም፣ ታውቂ ነበር?»

«ትንሿ፣ ቤት ነይና እንነጋገር።»

«ታውቂ ነበር?»

«ያኑ ቀን ማታ ነገረኝ። እኔ ደግሞ ልጆች ነበሩኝ። አንቺ ብቻሽን ነሽ፣ ወጣት ነሽ፣ ትነሺያለሽ ብዬ ነው። ተነሥተሻልም። ይኸው እየሠራሽ ነው አይደል?»

«እማዬ ስትሞትስ ታውቂ ነበር?»

ከስልኩ ውስጥ የሳህን መንኳኳት ተሰማ፤ አንድ ነገር በእጇ ይዛ ኖሮ አስቀመጠችው።

«እታለም፣ አዎ ወይም አይደለም በይኝ።»

«አውቅ ነበር።»

ጣቷን ዘርግታ ስልኩን ዘጋችው። መደርደሪያውን ያዘች። እሱ፣ ገበያ ላይ ዋጋ ተስማምቶ ዕቃውን እንደሚጠብቅ ሰው፣ «በቃ፣ ያልሽውን አደረግሁ» አለ። «አሁን ሰርዢው።»

«እሰርዛለሁ አላልኩም። እንነጋገራለን ነው ያልኩት።»

«እሺ እንነጋገር።»

«ተነጋገርን።»

ሁለቱን ገጾች ለመቅደድ ያሰበ ይመስል በእጁ ጨመደዳቸው። አላስቆመችውም። ፋይሉ ኮምፒውተሯ ላይ አለ፤ ዕቃው መደርደሪያው ላይ አለ፤ ያን ያህል እንኳ እንደገባው አይታ እጇን ዘረጋች። ሰጣት። በመዳፏ አስተካክላ ከሰነዱ ጋር አያያዘቻቸው፤ ኮምፒውተሯን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ወጣች።

የሥራ አስኪያጇ ቢሮ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሁለተኛው ላይ ስትደርስ ቆመች። ትልቋ ልጅ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ትምህርት ቤት «አባትሽ» ሊሏት ነው። ሁለቱ ገጾች የተያያዙት በወረቀት ማያያዣ ብቻ ነው፤ መንቀል ይቻላል። እንደዚያ ቆማ ሳለ ከታች የእሱን እርምጃ ሰማች፤ ይከተላታል። መቆሟን ሲያውቅ እሱም ቆመ። የሚጠብቀው እንድትራራ መሆኑ ገባት። እህቷም የጠበቀችው ይህንኑ ነበር፤ እናታቸው እስክትሞት ድረስ ጠበቀችው፤ አገኘችውም። ደረጃውን ቀጠለች።

ሥራ አስኪያጇ ቦርሳቸውን አንግበው፣ የመስኮቱን መጋረጃ እየዘጉ ነበር።

«ጨረስሽ? በርቺ። ሠራ?»

«ሠርቷል። ሁለት ጊዜ ፈትኜዋለሁ። ሰነዱ ይኸው።»

«ጠረጴዛው ላይ አኑሪልኝ። ሰኞ ጠዋት ተቆጣጣሪዎቹ ሳይመጡ አነበዋለሁ።»

ሰነዱን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው፤ እጇን ግን አላነሣችም። ከበሩ ውጭ፣ ኮሪደሩ ላይ፣ አንድ ሰው ትንፋሹን ሲሰበስብ ይሰማል። ሰኞ ሩቅ ነው። እስከ ሰኞ ድረስ እህቷ ትመጣለች፣ ልጆቹን ይዛ ትመጣለች፤ እሱም ወደዚህ ክፍል የሚያስገባ ቁልፍ አያጣም።

«አባሪ ሦስት ሁለት ገጽ ናት» አለች። «አሁን ቢያነቧት።»

«እየወጣሁ እኮ ነው፣ ልጄ። የሚያስቸኩል ነገር አለው?»

«የቀድሞዋ ባለሙያ ፋይል ላይ ያነበቡት ሁሉ እዚያ ውስጥ ሌላ ነው። ጥያቄ ይኖርዎታል።»

ሴትዮዋ አተኩረው አዩዋት። ከዚያ ቦርሳቸውን ከትከሻቸው አውርደው መነጽራቸውን ከአናታቸው ወደ ዓይናቸው መለሱ።

በሩን አልዘጋችውም። ወንበር ስባ ከጠረጴዛው ፊት ለፊት ተቀመጠች፤ አንብበው እስኪጨርሱ ልትጠብቅ።